ከዳንግሬክ ማዶ የቀሩት እናት

ፒኩን ተቀምጣ ስትበላ ያየ ሰው የለም። ቆማ ትጎርሳለች፤ እየጎረሰች ቅጠል ትከትፋለች፤ እየከተፈች በአጥር ላይ ጎረቤት ታናግራለች። እናቷ «እሷን ስወልድ እንደ አራስ ወግ ከአልጋዬ ሥር ያነደዱልኝ እሳት በዝቶ ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልበረደላትም» ይላሉ። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞልቷታል። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አንዲት ልጇ ሩቅ አገር፣ ባሕሩ ዳር ካለ ፋብሪካ ትሠራለች። እሷ ግን በታይላንድ፣ ከሱሪን ከተማ በስተደቡብ፣ ኮክ ሳንግኬ በምትባል መንደር የሐር ትል ታረባለች፣ ክሩን ታወጣለች፣ ትሸምናለች። ከደጃፏ ቆሞ ወደ ደቡብ ለተመለከተ የዳንግሬክ ሸንተረር እንደ ተኛ ጎሽ ተጋድሞ ይታያል። ከሸንተረሩ ወዲያ ካምቦዲያ ነው።

ከሸንተረሩ ወዲያ እህቷም አለች። ታናሿ ቻምፒ ከሠላሳ ዓመት በፊት በኬላው ገበያ የደረቀ ዓሣ ስትሸጥ፣ ከማዶ የመጣ አንድ አናጢ አየችና ተከትላው ሄደች። ያን ጊዜ ጉድ ያለ ሰው አልነበረም። ወዲህም ሆነ ወዲያ በየቤቱ የሚነገረው የካምቦዲያዎቹ ቋንቋ ክመር ነው፤ ታይኛ የትምህርት ቤትና የቢሮ ቋንቋ ነው። ሙሽራ ይሄዳል፣ ሙሽራ ይመጣል፣ ለቅሶ ይደረሳል። የሁለቱ እናት፣ መንደሩ ሁሉ ያይ ሶም፣ አያት ሶም፣ የሚላቸው የሰማንያ አንድ ዓመት ባልቴት፣ በየዓመቱ የአዲስ ዓመቱ ውሃ መረጫጨት ሲያልፍ ልብሳቸውንና የሚያኝኩትን፣ ምራቅ የሚያቀላውን ቅጠል ቋጥረው በጫካው መንገድ ወደ ትንሿ ልጃቸው ይሻገራሉ። ሁለት ሳምንት ተቀምጠው ይመለሳሉ። ማህተም የሚባል ነገር አያውቁም። መንገዱን የሚያውቁት በዛፉ ነው።

በዚያ ዓመት ጉዳዩ ከወትሮው የከበረ ነበር። የቻምፒ ልጅ ልትዳር ነው፤ ሙሽራው ቬስና የሚባል ወታደር ነው። ያይ ሶም ለሙሽሪት ፒኩን የሸመነችውን ሐምራዊ ሐር በብብታቸው ይዘው፣ ከአንዲት ነጋዴ ጋር በሞተር ሳይክል እስከ ጫካው ጥግ ሄዱ።

«ትሎቹ ሦስተኛውን እንቅልፍ ሳይተኙ እመጣለሁ» አሉ።

የሐር ትል ቆዳውን በለወጠ ቁጥር ይተኛል፤ ትሎቹ ሦስተኛውን ተኙ፤ አራተኛውንም ተኙ። ሰርጉ አልቆ ያይ ሶም ሊነሡ ሲሉ፣ በሸንተረሩ ላይ የሁለቱ አገር ወታደሮች ተታኮሱና ሰው ሞተ። ማን ቀድሞ እንደ ተኮሰ ወዲህ ያለው ሬዲዮ አንድ አለ፣ ወዲያ ያለው ሌላ አለ። በሳምንቱ ኬላዎቹ ሰዓታቸው አጠረ፤ ቆየት ብሎ ጭራሽ ተዘጉ። ጫካው ውስጥ ወታደር ገባበት። ነጋዴዋ ለፒኩን «እንግዲህ በዚያ መንገድ ቀበሮም አያልፍም፤ ፈንጂ አለ ይባላል» አለቻት።

ፒኩን በቀን ሦስት ጊዜ መደወል ጀመረች። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ወትፋ ቅጠል ትበትናለች።

«እማ፣ በልተዋል?»

«በልቻለሁ። የቻምፒ የዓሣ ወጥ ጨው በዝቶበታል። አንቺስ ተቀምጠሽ በላሽ?»

«ተቀምጬ።»

«የቅጠል ድምፅ ይሰማኛል እኮ፣ አንቺ ውሸታም።»

እንዲህ እየተባለ ዝናቡ ገባ። ፒኩን በአራቱም ማዕዘን ትንከራተታለች። ወደ ወረዳው ቢሮ ሄዳ እናቷን የምታስመልስበት መንገድ እንዳለ ጠየቀች። ጸሐፊው መዝገብ አገላብጦ «እናትሽ ከአገር መውጣታቸው አይታወቅም። ያልወጣ ሰው እንዴት ይመለሳል?» አላት። ሲቀልድ መስሏት ልትስቅ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው።

በሐምሌ ከዕለታት በአንዱ ጠዋት፣ ገና ቁርስ ሳይበላ፣ ከሸንተረሩ በኩል የመሬት ነጎድጓድ መጣ። ዝናብ የለም። ፒኩን ከትል ቤቷ ውስጥ ነበረች። ትሎቹ አድገው፣ ለመፍተል ሦስት አራት ቀን የቀራቸው ጊዜ ነበር፤ በዚያ ዕድሜያቸው ቅጠል ሲበሉ ድምፃቸው በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ካፊያ ይመስላል። ሁለተኛው ድምፅ ሲመጣ መሬቱ ተንቀጠቀጠና ትሎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ መብላት አቆሙ። በዚህ ነው የደነገጠችው፤ በመድፉ ሳይሆን በትሎቹ ዝምታ።

የመንደሩ ድምፅ ማጉያ ጮኸ። ዊቺት መጣ። የመንደሩ ጠባቂ ነው፤ አሮጌ ጠመንጃ ያነገተ፣ ከፒኩን ጋር አንድ ክፍል የተማረ፣ ሲስቅ የጎደለ ጥርሱ የሚታይ ሰው።

«ፒኩን፣ መኪናው ሊሄድ ነው። ውጪ!»

«ትሎቼስ?»

«ትል ነው የምትይኝ? ሰው ይሙት?»

«ሰው እግር አለው፤ ይሄዳል። እነዚህን ማን ያበላልኛል?»

«እኔ እቀራለሁ። ከብቱንም፣ ውሻውንም፣ ያንቺንም ትል አበላለሁ። ውጪ ብዬሻለሁ፤ አለዚያ እንደ ጆንያ ተሸክሜ ነው የምጭንሽ።»

«በዚያ ወገብህ?»

ቢሆንም ወጣች። ከአሥራ ሁለቱ የትል ሰፌድ ሦስቱን በነጭ ጨርቅ ሸፍና፣ አንድ ኬሻ የእንጆሪ ዛፍ ቅጠል ይዛ ጭነት መኪናው ላይ ወጣች። ጎረቤቶቿ ሩዝና ሕፃን ይዘዋል። አንዷ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየችና ምንም ሳትል መልሳ ሸፈነችው።

የገቡት ከተማው ዳር ወዳለ የስፖርት አዳራሽ ነው። ሁለት ሺህ ያህል ሰው በምንጣፍ በምንጣፍ ተከፋፍሎ ተኝቶበታል። ፒኩን ሰፌዶቿን ከግድግዳው ጥግ አድርጋ፣ በዙሪያው ውሃ የተሞሉ ሳህኖች ደረደረች፤ ጉንዳን እንዳይመጣ። ከአጠገቧ የወደቀችው ራትሪ የምትባል ሴት ነበረች፤ ሸንተረሩ ሥር ካለች ሌላ መንደር የመጣች፣ ቤቷ በዚያው ጠዋት በሮኬት የተቃጠለባት። ራትሪ ታይኛ ብቻ ነው የምትናገረው። ቀኑን ሙሉ በስልኳ የተቃጠለ ቤቷን ፎቶ ታያለች።

ፒኩን ለእህቷ ስትደውል አይነሣም። አምስቴ፣ አሥሬ ደወለች። በአዳራሹ ውስጥ ከበር እስከ በር ትመላለሳለች። በጎ ፈቃደኞቹ «እማማ ይቀመጡ» ይሏታል፤ ትቀመጣለች፤ ቦታው ሳይሞቅ ትነሣለች። ከሰዓት በኋላ ቻምፒ ራሷ ደወለች።

«ቦንግ፣ በሕይወት አለሽ?» አለች ቻምፒ። ቦንግ ማለት ታላቄ ማለቷ ነው። «እኛ የመነኮሳቱ ፓጎዳ ግቢ ውስጥ ነን፤ አርባ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ሸሸን። ላስቲክ ወጥረናል። እማን በግድ ነው ያመጣናቸው።»

«ይብላኝላቸው! ስጫቸው።»

«አሁን ተኝተዋል። እናንተ ጋ መድፉ የት ወደቀ?»

«ከቤተ መቅደሱ ማዶ፣ ካሳቫ እርሻው ላይ። ሁለቱ አልፈነዱም አሉ።»

ስልኩን ስትዘጋ ራትሪ እያየቻት ነበር። ያ አስተያየት የገባት ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ሁለት ወታደሮችና አንድ መኮንን በምንጣፎቹ መሃል እያለፉ ወደ እሷ ሲመጡ።

ከአዳራሹ ጀርባ ካለች ክፍል አስገቧት። መኮንኑ ከዋና ከተማ የመጣ፣ እንቅልፍ ያጣ ወጣት ነው። በትህትና ነበር የጠየቃት፤ ትህትናው ግን ይበልጥ አስፈራት።

«እማማ፣ በጠላት ቋንቋ ሲያወሩ ተሰምተዋል።»

«በእናቴ ቋንቋ ነው ያወራሁት።»

«ከማን ጋር?»

«ከእህቴ ጋር።»

«የት ነው ያሉት?»

እዚያው ጠረጴዛው ላይ ስልኳ ጮኸ። መኮንኑ አየው፤ ከዚያ ከወታደሮቹ አንዱን፣ ጠቆር ያለውን፣ ጠራ። የሱሪን ልጅ ነው፤ ክመር ይሰማል። ስልኩን ከፍተው ድምፁን ለሁሉም አሰሙት።

«አንቺ ፒኩን!» አሉ ያይ ሶም፤ ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው። «እዚህ ላስቲክ ሥር አጋድመውኛል። ሰው ሁሉ በእኔ ላይ ዓይኑን ያፈጣል፣ ሲያም ናት፣ ታይ ናት እያለ። ሩዙ አልበሰለም። ትሎቹን ቅጠል ስታበዪ ጠል እንዳይኖርበት! እርጥብ ከበሉ ይቀዝናሉ። ሰማሽ? ምነው አትመልሺም? ደግሞ ቆመሽ እየበላሽ ነው?»

ጠቆር ያለው ወታደር ሳቁን መቋቋም አቅቶት ወደ ግድግዳው ዞረ። መኮንኑ «ምን አሉ?» ብሎ ሲጠይቀው «ስለ ትል ተቅማጥ ነው፣ ጌታዬ» አለው።

ለቀቋት። ነገር ግን መኮንኑ በሩ ላይ ቆም አድርጎ እንዲህ አላት፦ «እማማ፣ ክፉ ሰው እንዳልሆኑ ገብቶኛል። ግን የት እንደ ወደቀ፣ ፈነዳ አልፈነዳ፣ ለማንም እንዳይናገሩ። በዚያኛው ጫፍ ማን እንደሚሰማ እርስዎ አያውቁም።» እውነቱን እንደሆነ ታውቃለች። የከነከናትም ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእህቷ ጋር ስታወራ እያንዳንዱን ቃል በምላሷ ላይ እያገላበጠች ነበር፤ ቻምፒም እንደዚያው። ሠላሳ ዓመት ስለ ሁሉ ነገር ያወሩ ሴቶች ስለ ሩዝና ስለ ዝናብ ብቻ ያወሩ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ያ ወሬም ተበላሸ። ቻምፒ ከእንቅልፍ ያልተነሣ በሚመስል ድምፅ «ቬስና እላይ ሸንተረሩ ላይ ነው፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ወሬ የለም። ልጄ ምግብ አትበላም። አውሮፕላናችሁ ነው እንዲህ ያደረገን» አለች።

«አውሮፕላናችሁ?» አለች ፒኩን። «የእኔ ነው? እናንተስ ሮኬታችሁ? እዚህ አጠገቤ ያለችው ሴት ቤቷ አመድ ሆኗል።»

«እኛ አልጀመርንም።»

«እኛስ ጀመርን?»

ከዚያ ወዲያ ያሉት ሁሉ ሬዲዮ የሚለው ነበር፤ አንዷም የራሷን ቃል አልተናገረችም። በመሃል ስልኩ ሲነጠቅ ተሰማ።

«ማን ነው ሮኬት ያለው?» አሉ ያይ ሶም። «ቻምፒ፣ አንቺ ሮኬት አለሽ? አንቺስ አውሮፕላን አለሽ? የሁለታችሁም እዳ አንድ እናት ናት፤ እሷንም መያዝ አልቻላችሁም።» ብለው ዘጉት።

ፒኩን ሁለት ቀን አልደወለችም። ኩራት አልነበረም፤ ቁጥሩን ትመታለች፣ ሳይጮህ ትዘጋዋለች። በአራተኛው ቀን ቅጠሏ አለቀ። ከብት ሊያበሉ ለሚመለሱ ወንዶች መኪና ተፈቅዶ ነበርና ለምና ተሳፈረች። መንደሯ ስትደርስ ጸጥታው ጆሮ ያሳምማል። ዶሮዎች መንገዱን ይዘውታል። የትል ቤቷ ጣሪያ በፍንጣሪ በሁለት ቦታ ተቀዷል፤ ቤቷ ግን ቆሟል። ዊቺት ከሲሚንቶ ቱቦ ከተሠራው የመንደሩ ምሽግ ውስጥ እየዳኸ ወጣ፤ ጢሙ አድጎ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ።

«አበላሁልሽ» አላት። «ጥይት እየወረደ ቅጠል ለቀምኩልሽ።»

ገብታ አየች። ዘጠኙም ሰፌድ ላይ ትሎቹ ጠቁረው፣ ሟሙተው ሞተዋል። ቅጠሉ ዝናብ እንደ ጠጣ ነበር የተበተነው።

«አደረቅከው ቅጠሉን?»

«ማድረቅ አለበት እንዴ?»

ፒኩን ልትሰድበው አፏን ከፈተች። እጆቹን አየች፤ በእሾህ ተቦጫጭረዋል። «ደህና አድርገሃል» አለችው። ከዚያም የሞቱትን ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረች፤ መኪናው ጡሩምባ እስኪነፋ ድረስ ደረቅ ቅጠል ለቀመች። ከሸንተረሩ መድፍ ሲጮህ እንደ ሁሉም ሰው ጎንበስ አለች እንጂ መልቀሙን አላቆመችም።

አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሦስቱ ሰፌዶች ግን ደህና ነበሩ። ስትመለስ ትሎቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው መፍተል ጀምረዋል። የተረፈውን ክረምት ሙሉ የምታስታውሰው ያን ነው፤ ሁለት ሺህ ሰው በሚያስልበት አዳራሽ ጥግ፣ ቢጫ ክር ከአፋቸው እየወጣ ጎጇቸውን ሲሠሩ። ልጆች ተኮልኩለው ያያሉ። ራትሪም መጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነጋገሩም ነበር። ቁጭ ብላ አየች፣ አየችና፦

«ክሩ ሲወጣ ውስጡ ያለው ይበላል አይደል?» አለች።

«ይበላል።»

«እናቴ በጨው ትጠብሰው ነበር።»

ይቅርታ አላለችም፤ ፒኩንም አልጠበቀችም። ተኩሱ ቆመ ተብሎ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲበተን ግን ራትሪ አንዱን ሰፌድ በራሷ ተሸክማ እስከ መኪናው አደረሰችላት። ራሷ የምትሄድበት ቤት አልነበራትም።

ተኩሱ ቆመ እንጂ በሩ አልተከፈተም። ቬስና በሕይወት ተገኘ፤ የግራ ጆሮው አይሰማም። ይህን የነገሯት ያይ ሶም ናቸው፤ ቻምፒ ስልክ ታቀብላለች እንጂ አታወራም። ፒኩን ከቢሮ ወደ ቢሮ መሮጧን ቀጠለች። የእናቷን የቤተሰብ መዝገብ፣ ያረጀ መታወቂያ፣ በመነኩሴው የተፈረመ ምስክርነት፣ ሁሉን በላስቲክ ጠቅልላ ትዞራለች። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይመራታል፤ ሌላው ነገ ይላታል። ሽመናዋን ትጀምራለች፣ አንድ ስንዝር ሳትሞላ ተነሥታ አውቶቡስ ትይዛለች። ዊቺት «አንቺን እኮ ድንበር ላይ ማቆም ነበር፤ መንግሥት ሰልችቶት ይከፍተው ነበር» ይላታል።

በመጨረሻ፣ ዝናቡ ሊያቆም ሲል፣ ማዶ የቀሩ ሰዎች በስም ዝርዝር እየተጠሩ በድንበሩ ላይ ባለው የፖይፔት ድልድይ እንዲያልፉ ተፈቀደ። ከሁለቱም እህቶች መንደር ወደ ምዕራብ የቀን መንገድ ነው። ፒኩን ሳትተኛ ደረሰች። ከድልድዩ ወዲህ በሽቦ አጥር አቆሟት። እዚያ ማዶ፣ ስድሳ ሜትር ቢሆን ነው፣ ሌላ የሽቦ አጥር አለ፤ ከኋላው ቻምፒ ቆማለች። በሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኗ አየቻት፤ ፒኩን ትሎቿን ትታ አትሄድም ነበርና፣ በየዓመቱ የሚሻገሩት እናቷ ብቻ ነበሩ። ቻምፒ ስልኳን አነሣች። የፒኩን ኪስ ጮኸ።

«ከስተሻል» አለች ቻምፒ።

«አንቺ ግን ወፍረሻል።»

«የዓሣው ወጥ ነው።»

«ጨው የበዛበት።»

በመሃላቸው ወታደሮች፣ ካሜራ የያዙ ሰዎች፣ ዝርዝር የሚያነብ ሰው።

«ያን ቀን ያልኩሽን...» ብላ ጀመረች ፒኩን።

«እኔም ብያለሁ» አለች ቻምፒ። «አሁን እማን ተመልከቻቸው፤ እየመጡ ነው።»

ያይ ሶም ተሽከርካሪ ወንበር ቢቀርብላቸው እንቢ ብለው በእግራቸው ነበር የሚመጡት። ድልድዩ መሃል ላይ ቆሙ። የወዲያኛው መኮንን እጃቸውን ለቀቀ፣ የወዲህኛው ገና አልያዘም። ዞር ብለው ቻምፒን አዩ፤ ዞር ብለው ፒኩንን አዩ። አፋቸው ውስጥ ያለውን ቀይ ምራቅ የሚተፉበት ቦታ ፈለጉ፤ ወዲህም ወዲያም ወታደር ነው፤ ዋጡት። ከዚያ መጡ።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰውዬ «ያይ፣ በየት በኩል ነበር የወጡት?» አላቸው።

«በትልቁ የግራር ዛፍ በኩል።»

ሰውዬው ትንሽ አሰበና አንድ ነገር ጻፈ፤ ምን እንደ ጻፈ ማንም አላየም።

ቤት ሲገቡ ያይ ሶም ለሦስት ቀን ተኙ። በአራተኛው ተነሥተው የትል ቤቱን አዩ፣ የተቀደደውን ጣሪያ አዩ፣ «ዊቺትን ቅጠል አድርቅ አላላችሁትም?» ብለው ተቆጡ። በአምስተኛው ልብሳቸውን ቋጠሩ።

«እማ፣ የት ነው?»

«የቻምፒ ልጅ አርግዛለች። የምትወልደው በጥር ነው። እሳቱን ማን ያነድድላታል? ባሏ አይሰማ፣ እናቷ እንቅልፋም።»

«በሩ ዝግ ነው እኮ።»

«እስከ ጥር ይከፈታል።»

አልተከፈተም። ከጥርም በፊት መድፉ እንደገና ጮኸ፤ እንደገና ጭነት መኪና ላይ ወጡ፣ እንደገና አዳራሽ። በዚህኛው ጊዜ ያይ ሶም ቀድመው ተሳፍረው ነበር፤ ሌሎቹን «ፍጠኑ» ይሉ ነበር። ሕፃኗ የተወለደችው ፓጎዳ ግቢ ውስጥ ላስቲክ ሥር ነው። ያይ ሶም በስልክ፣ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ በክመር፣ ምን ዓይነት እንጨት እንደሚነድድ፣ ከአልጋው ስንት ስንዝር እንደሚርቅ፣ ምን ቅጠል እንደሚቀቀል አዘዙ። ወታደር አልመጣም።

ከዚያ ሲመለሱ አንድ ጠዋት ፒኩን ለሽመና ተቀምጣ ሳለ ያይ ሶም መጥተው ከአጠገቧ ቁጭ አሉ።

«ስሚኝ» አሉ። «እኔ መሻገሬ አይቀርም። ማዶ ከሞትኩ፣ በሩ እስኪከፈት ብላችሁ በበረዶ እንዳታቆዩኝ። እዚያው እንደ ወጋችን አቃጥሉኝ። እዚህም ከሞትኩ እንደዚያው። ቻምፒን አትጠብቂ።»

«እሺ፣ እማ።»

«እሺ ብለሽ ዝም ነው?»

«ምን ልበል?»

«አይሞቱም በይኝ እንጂ። ሰው እንዲህ አይልም?»

ፒኩን መወርወሪያውን አስቀመጠች። ከሸንተረሩ በኩል አንድ ድምፅ መጣ፤ ሁለቱም ቀና አሉ። ዝናብ ይሁን ሌላ አልተለየም። ቆይቶ ደገመ፤ ከዚያም የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ከቆርቆሮው ላይ ወደቁ፤ ፒኩን ተነሥታ ውጭ የተሰጣውን ቅጠል ልታስገባ ሮጠች።